ፎርሙ ኮድ ውስጥ ይጻፍ ወይስ ከዳታቤዝ ይሰራ? የአንድ ብድርና ቁጠባ ሲስተም የጉዳይ ጥናት

ስታቲክ ፎርም ወይስ ዳይናሚክ ፎርም የሚለው ክርክር ዌብ የሚሰራ ቲም ሁሉ ጋ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በስሜት ነው የሚያልቀው፤ ጮክ ብሎ የተናገረው ያሸንፋል። ይሄኛውን ጉዳይ ልጽፈው የፈለኩት ቲሙ ሁለቱንም ጫፍ ስለሞከረ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ስታቲክ ነበር፣ ከዛ ሁሉም ዳይናሚክ ሆነ፣ አሁን መሀል ላይ ነው ያለው። እኔ የገባሁት ዳይናሚኩ ስራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፣ የመጀመሪያውን ያወኩት ከኮዱና ከኮሚት ታሪኩ (የኮዱ ለውጦች ከሚመዘገቡበት) ነው። ተቋሙንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም።

ዳራ

ተቋሙ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ብድርና ቁጠባ ነው። ደንበኛው ቅርንጫፍ ይመጣል፣ የብድር ባለሙያዋ እየጠየቀችው ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ ትሞላለች፣ ከዛ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። የብድሩ አይነት ብዙ ነው፤ የንግድ፣ የቤት እድሳት፣ የትምህርት ክፍያ፣ የመኪና ምናምን። እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄ አለው፣ ግን ግማሽ የሚሆነው የጋራ ነው፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የሚፈልገው ብር፣ የመመለሻ ጊዜ።

ሲስተሙ በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የሚሰራ የዌብ ፍሬምወርክ) የተሰራ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ከዚህ በታች የምለውን ለመከተል አንድ ነገር ብቻ እንያዝ። ስታቲክ ፎርም ስል ፊልዶቹ (የመሙያ ቦታዎቹ) ክላስ በሚባል የኮድ ክፍል ውስጥ በእጅ የተጻፉ ማለቴ ነው፣ ገንዘብ ቁጥር ነው፣ ስልክ እንዲህ አይነት ነው ብሎ ዴቨሎፐሩ ጽፎ የጨረሰው። ዳይናሚክ ስል ደግሞ ፎርሙ የሚሰራው ገጹ ሲከፈት ነው፤ ኮዱ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን የጥያቄ ዝርዝር አንብቦ እዛው ፊልዶቹን ይፈጥራል፣ ዝርዝሩን የሚቀይረው ደግሞ ፕሮግራመር ሳይሆን ቢሮ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ችግሩ

በስታቲኩ ዘመን ለየብድሩ አይነት አንድ ክላስ ነበረ፣ ሁሉም ከአንድ እናት ክላስ ይወርሳሉ። ኮዱን ሳየው እውነት ለመናገር ንጹህ ነበር፣ ቴስት አለው፣ ቫሊዴሽኑ (የገባው ነገር ትክክል መሆኑን የሚፈትሸው ክፍል) ጠንካራ ነው። የጎዳው ለውጥ ነው። አንድ ጥያቄ ለመጨመር ኮድ መንካት፣ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይር ኮድ) መጻፍ፣ መፈተሽ፣ ከዛ ዴፕሎይ የሚደረግበትን (አዲሱ ኮድ ሰርቨር ላይ የሚጫንበትን) ሌሊት መጠበቅ። ዴፕሎይ የሚደረገው ቅርንጫፎች ሲዘጉ ብቻ ነው፣ እሱም በወር ከሁለቴ አይበልጥም። የብድር ክፍሉ ኃላፊ "አንዲት ጥያቄ ለመጨመር ይሄን ሁሉ ቀን?" እያሉ ይቆጡ ነበር አሉ፣ እኔ በሳቸው አልፈርድም።

ከሁሉም የባሰው የስልኩ ነው። ቫሊዴሽኑ የተጻፈው ሁሉም ሞባይል በ09 በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. ስራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ፣ ፎርሙ ግን "ትክክለኛ ስልክ ያስገቡ" ብሎ ይመልሳል። ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? ወረፋ ላይ ሰው ቆሞ እያየ ዴፕሎይ አይጠብቁማ። የደንበኛውን ወንድም ወይ የጎረቤቱን 09 ቁጥር አስገቡ። ስለዚህ ጥብቅ የነበረው ቫሊዴሽን የተሳሳተ ዳታ አስገባ ማለት ነው፣ የክፍያ ማስታወሻ ቴክስቱም ወንድምየው ጋ ይሄድ ነበር።

መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ፤ ሁሉንም ዳይናሚክ ማድረግ

ከዚህ በኋላ ቲሙ ተማሮ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደ። ክላሶቹ በሙሉ ወጡ። በቦታቸው የፎርም ቴብልና የፊልድ ቴብል መጡ፤ ፊልዱ ላቤል (ፎርሙ ላይ የሚታየው የጥያቄው ጽሁፍ) አለው፣ አይነት አለው፣ ግዴታ ነው አይደለም የሚል አለው፣ ተራ ቁጥር አለው። መልሱ ሁሉ አንድ የጄሰን ኮለም (መልሶችን ከነቁልፋቸው አንድ ላይ የሚይዝ የዳታቤዝ ቦታ) ውስጥ ይገባል። ፎርሙን የሚገነባው ኮድ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር፣ ዝርዝሩን በሉፕ እየዞረ ፊልድ ይጨምራል፣ በቃ።

ደስታው እውነተኛ ነበር፣ እሱን መካድ አይቻልም። ኮሚቴው ጠዋት "ይሄም ይጠየቅ" ካለ ከሰአት ቅርንጫፍ ላይ ይታያል። የስልኩም ችግር በአንድ ቀን ጠፋ፣ የጠፋው ግን ስልክ ተራ ጽሁፍ ስለሆነና ማንም ስለማይፈትሸው ነው። ይሄኛውን ያኔ ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምን ተበላሸ

የመጀመሪያው ችግር ወዲያው ነው የታየው። እያንዳንዱ ፊልድ ጄሰኑ ውስጥ የሚቀመጥበት ቁልፍ ያስፈልገዋል፣ ቲሙም ቁልፉን ከላቤሉ እንዲወጣ አደረገው፣ በጃንጎ ስለጊፋይ። ያ ፈንክሽን ደግሞ ካልነገሩት በቀር የላቲን ፊደል ያልሆነውን ሁሉ ይጥላል። "ወርሃዊ ገቢ" ሲገባ የሚወጣው ባዶ ነው። "የቤተሰብ ብዛት"ም ባዶ። ሁለት ባዶ ቁልፍ ሲሆኑ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ አድሚኑ ላይ (ጥያቄዎቹ የሚስተካከሉበት ገጽ ላይ) አስር ጥያቄ ተጽፎ ፎርሙ ላይ የሚታየው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሙከራው የተሰራው በእንግሊዝኛ ላቤል ስለነበር ማንም አላየውም።

ያንን አስተካከሉት፣ ፈንክሽኑ ዩኒኮድ እንዲቀበል የሚያደርግ ቅንብር አለው፣ እሱን ከፈቱት። ችግሩ የተፈታ መሰለ። የባሰው ግን ከዛ ነው የመጣው። አሁን ቁልፉ ራሱ የአማርኛ ጽሁፍ ሆነ። ከዋና መስሪያ ቤት አንዲት ጠንቃቃ ሰራተኛ ላቤሎቹን ስታይ "ወርሃዊ" በዚህ ሃ አይጻፍም ብላ "ወርኃዊ" አደረገችው። ስራዋን ነው የሰራችው። ለዓይን አንድ ቃል ነው፣ ስንናገረውም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያየ ቁልፍ ነው። ከዛ ቀን በፊት የገቡት ማመልከቻዎች በአሮጌው ቁልፍ፣ ከዛ በኋላ ያሉት በአዲሱ። ሪፖርቱ አሮጌውን ስለሚፈልግ አዳዲሶቹ ደንበኞች በሙሉ ገቢያቸው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ኤረር የለ፣ ሎግ ላይ ምንም የለ። የተገኘው ኮሚቴው "እንዴት ነው ይሄ ሁሉ ሰው ገቢ የሌለው?" ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ ጸ ፀ ባለበት ቋንቋ ላቤልን ቁልፍ ማድረግ ችግር መጥራት ነው፣ ጊዜው ይቆይ እንጂ መምጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የቁጥር ነገር ነው። የገቢ ፊልዱ አንድ ቅርንጫፍ ላይ "አጭር ጽሁፍ" ተብሎ ነው የተፈጠረው፣ አድሚኑ ላይ ቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው አይነት እሱ ስለሆነ። ባለሙያዎቹ እንደመጣላቸው ጻፉ፤ 9000፣ 15,000፣ 15ሺ፣ "እንደ ገበያው"። ሪፖርቱ ፖስትግሬስ ላይ ጽሁፉን ወደ ቁጥር ለመቀየር ሲሞክር አንዷ "15,000" ኮማዋ ብቻ በቂ ናት፣ ያቺ ረድፍ ተዘላ ሌላው አይቀጥልም፣ ኩዌሪው በሙሉ ነው የሚወድቀው። ሳይቀየር በጽሁፍነቱ ቢደረደር ደግሞ 9000 ከ15000 በላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም የሚወዳደረው 9 ከ1 ጋር ነው። በስታቲኩ ጊዜ ዲሲማል ፊልድ "15ሺ" የሚለውን በር ላይ ይመልሰው ነበር።

ሶስተኛው የልደት ቀን። ፎርሙ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ነው የሚቀበለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰው ግን ልደቱን የሚያውቀው በኛ ነው። የካቲት 30 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 30/6/1985 ይላል፣ ሲስተሙም ጁን 30 ቀን 1985 ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ማርች 9 ቀን 1993 ነው፣ ሰውየው ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ ማለት ነው። ኤረር የሚመጣው በጳጉሜ ለተወለደ፣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ፣ ወይም በጥቅምት መጨረሻ ለተወለደ ብቻ ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለማይደርስ። ይሄ እንግዲህ በዳይናሚክነቱ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ግን ስታቲኩ ላይ የካላንደር መቀየሪያ ተጽፎለት ነበር፣ ወደ ዳይናሚክ ሲዞር ቀረ። ጠቅላላ ፎርም መገንቢያ "ቀን" የሚባል አንድ አይነት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የአገር ቤቱ ጣጣ ምንም አይመለከተውም።

አራተኛው ሁላችንንም ያደከመን ነው። ለመኪና ብድር ብቻ የዋስ ጥያቄዎች እንዲጨመሩ ሲፈለግ አንድ ዴቨሎፐር ፊልዶቹን የጨመረው ፎርሙን በሚገነባው ክላስ ላይ ባለው ቤዝ ፊልድስ በሚባለው ዋና ዝርዝር ላይ ነው። ጃንጎ ላይ አንድ ፎርም ሲፈጠር ክላሱ ላይ ያለው የፊልድ ዝርዝር ይገለበጥና ለዛ ፎርም የራሱ ኮፒ ይሰጠዋል፣ ሰልፍ ፊልድስ የሚባለው። ኮፒውን ብትነካ የሚቀየረው ያ አንድ ፎርም ነው። ዋናውን ብትነካ ግን ከዛ በኋላ በዛ ፕሮሰስ የሚፈጠረው ሁሉ ተነካ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የመኪና ብድር ፎርም ከከፈተ በኋላ የትምህርት ክፍያ ብድር የጠየቀች እናት "የዋስ ሙሉ ስም" ግዴታ ነው ተባለች። አንዳንዴ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ ላይ ብዙ ወርከር (ገጽ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ የትኛው ወርከር እንደደረሰህ እድልህ ነው። ቅርንጫፉ ይደውላል፣ እኛ እንከፍታለን፣ የለም። ዴቨሎፐሩ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኮድ በተቀየረ ቁጥር ሰርቨሩ ስለሚነሳ ሁሌ ንጹህ ነው። የተገኘው ወርከሩን ወደ አንድ ዝቅ አድርገን መጀመሪያ የመኪናውን ከዛ የትምህርቱን ስንከፍት ነው፣ ያኔ ሁሌም ይመጣል።

አንድ ሌላም አለ፣ አጭር ነው። ባለሙያዋ ፎርሙን ከፍታ እየሞላች ሳለ ቢሮ ያለ ሰው አድሚኑ ላይ አዲስ ግዴታ ጥያቄ ከጨመረ፣ ስትልክ ፎርሙ እንደገና ከዳታቤዝ ስለሚሰራ አይታው የማታውቀውን ጥያቄ አልሞላሽም ይላታል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ አንድ ማመልከቻ ብዙ ሰአት ተከፍቶ ይቆያል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አልነበረም።

እንዴት ተከፈለ

ስብሰባው ላይ ግማሹ ወደ ስታቲክ እንመለስ አለ፣ ግማሹ ዳይናሚኩን እናስተካክለው። ክርክሩን የፈታው ጥያቄውን መቀየር ነው። እስከዛ ድረስ ሁሉም የሚጠይቀው "ይሄ ፎርም ምን ያህል ይቀያየራል?" ነበር። አንዷ የሪፖርት ክፍል ባለሙያ ግን የፊልዶቹን ዝርዝር ፕሪንት አድርጋ እያንዳንዱ አጠገብ መልሱን ማን እንደሚያነበው ጻፈችበት፣ ኮድ ነው ወይስ ሰው። በኔ እይታ የጉዳዩ ዋና ነገር ይሄ ወረቀት ነው። የሚፈለገው ብር፣ የመመለሻ ጊዜ፣ ገቢ፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ዋስ፣ እነዚህን ኮድ ያነባቸዋል፣ ወለድ ያሰላል፣ ቴክስት ይልካል፣ ሪፖርት ይደምራል። "ሱቁ ገበያ ያለበት መንገድ ላይ ነው?" "ከዚህ በፊት እቁብ ገብተው ያውቃሉ?" "የባለሙያው አስተያየት" ደግሞ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ የሚያነባቸው ናቸው፣ ማንም አይደምራቸውም።

ኮድ የሚያነበው ሁሉ ወደ ስታቲክ ክላስ ተመለሰ፣ የራሱ ኮለም፣ የራሱ ቫሊዴሽን፣ የልደት ቀኑም በኛ አቆጣጠር ሶስት መምረጫ ሆኖ ሲቀመጥ ይቀየራል። ሰው ብቻ የሚያነበው ዳይናሚክ ሆኖ ቀረ፣ ፎርሙ ሲፈጠር ኮፒው ላይ፣ ማለትም ሰልፍ ፊልድስ ላይ፣ ከስታቲኮቹ በኋላ ይጨመራል፣ ከስታቲክ ስም ጋር እንዳይጋጭ ስሙ ላይ መነሻ ቅጥያ አለው፣ መልሱም አንድ "ተጨማሪ" የሚባል የጄሰን ኮለም ውስጥ ይገባል።

ዳይናሚኩ ላይ ደግሞ ገደብ ተበጀለት። የጥያቄው ቁልፍ ሲፈጠር አንዴ ሲስተሙ ይሰጠዋል፣ ከዛ ማንም አይነካውም፣ ላቤሉን ግን እንደፈለጉ ያርሙት። አይነቱ አምስት ብቻ ነው፤ አጭር ጽሁፍ፣ ረጅም ጽሁፍ፣ ቁጥር፣ ምርጫ፣ አዎ ወይ አይደለም። ቀን ሆን ተብሎ ወጣ። ጥያቄ አይሰረዝም፣ ይደበቃል እንጂ። ፎርሙ ደግሞ ቨርዥን አለው፣ አድሚኑ ላይ የሚስተካከለው ረቂቅ ነው፣ ሲጸድቅ አዲስ ቨርዥን ይወጣል፣ የወጣ ቨርዥን አይቀየርም። ገጹ ላይ የቨርዥኑ ቁጥር ተፈርሞ ተደብቆ ይሄዳል፣ ሲላክ ፎርሙ የሚሰራው በዛው ቨርዥን ነው። ማመልከቻው ራሱም በየትኛው ቨርዥን እንደተሞላ ይይዛል፣ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ደንበኛው ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ ማሳየት አይቻልም።

የሰራውና ያልሰራው

ክፍፍሉ ሰርቷል። የኮሚቴው ጥያቄዎች አሁንም በቀኑ ይገባሉ፣ ሪፖርቱም አይወድቅም። ቴስቱም ቀለለ፣ ስታቲኩ እንደ ድሮው ነው፣ ዳይናሚኩ ላይ የሚፈተሸው ገንቢው ነው፣ ረቂቁ ሲጸድቅም በሁሉም አይነት ፊልድ ላይ አንዴ ባዶ አንዴ ሙሉ አድርጎ ራሱን ይሞክራል። የሙከራ ላቤሎቹ በሙሉ አማርኛ እንዲሆኑ መደረጉ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

ያልሰራው "ይሄ ከተመረጠ ያ ጥያቄ ይምጣ" የሚለው ነው። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስም፣ ንግድ ፈቃድ ካለው ቁጥሩ። መጀመሪያ አድሚኑ ላይ ሁኔታ መጻፊያ ሳጥን ተሰራ። በአንድ ጊዜ "እና" "ወይም" ተፈለገ፣ ከዛ ቅንፍ፣ ከዛ የሌላ ፎርም መልስ ማየት። የቢሮ ሰው ሳያውቀው ፕሮግራም እየጻፈ ነው፣ ያውም ቴስት የሌለው ፕሮግራም። ሳጥኑ ተነሳ። አሁን ቅድመ ሁኔታ ያለው ጥያቄ ሁሉ ስታቲክ ነው፣ ኮድ ውስጥ ይጻፋል፣ የብድር ክፍሉም ዴፕሎዩን ይጠብቃል። ኃላፊዋ አልተደሰቱም፣ እስካሁንም አልተደሰቱም።

የዴፕሎዩ መዘግየትም በፎርም ምርጫ አልተፈታም። ልብ ብሎ ላየው የመጀመሪያው ንዴት ግማሹ ስለ ፎርም አልነበረም፣ በወር ሁለቴ ብቻ ዴፕሎይ ስለሚደረግ ነው። ቫሊዴሽን ላይ አንድ ቁጥር ማስተካከል ያን ያህል ካስጠበቀ ሁሉንም ወደ ዳታቤዝ መግፋት ማምለጫ ነው የሚሆነው። አሁን ማይግሬሽን የሌለው ለውጥ በሳምንት ውስጥ በየትኛውም ምሽት ይወጣል፣ "ዳይናሚክ ይሁንልን" የሚለው ጥያቄም ከዛ በኋላ በጣም ቀነሰ።

ሌላ ቦታ ለሚሰራ

ፍሬምወርኩ ጃንጎ መሆኑ ብዙ ለውጥ የለውም። ለምሳሌ አንጉላር በ2022 እ.ኤ.አ. በ14ኛው ቨርዥኑ አይነታቸው የታወቀ ፎርሞችን ሲያመጣ፣ ቁልፎቹ ቀድመው ለማይታወቁ ፎርሞች ፎርም ሪከርድ የሚባል ለብቻ ነው የሰጠው፣ ያው ይሄንኑ ድንበር ማስመር ነው። ድንበሩን ግን ፍሬምወርኩ አያሰምርልህም፣ የትኛው ፊልድ የት እንደሚውል ሪፖርት የሚያወጣውን ሰው ሳትጠይቅ አታውቀውም። እኛ ጋ ያንን ጥያቄ ያመጣችው ዴቨሎፐር አለመሆኗ የሚገርም አይደለም፣ ዳታው ሲበላሽ የምትሰቃየው እሷ ናት።

አንድ ፊልድ ከዳይናሚክ ወደ ስታቲክ የሚያድግበት መንገድም ቀድሞ መታሰብ አለበት፣ ማደጉ ስለማይቀር። እኛ ጋ የመጀመሪያው የፋይዳ ቁጥር ነው። ሲጀመር ኮሚቴው "ካለው ይጻፍ" ብሎ እንደ ተራ ተጨማሪ ጥያቄ አስገባው። ቆይቶ ሲስተሙ ተደጋጋሚ ደንበኛን በሱ መለየት አለበት ተባለ፣ በቃ ከዛች ቀን ጀምሮ ኮድ የሚያነበው ሆነ። ኮለም ተሰራለት፣ ከዛ አሮጌው ዳታ ሲገለበጥ ገሚሱ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር ነው፣ ገሚሱ ባለ 16 አሃዙ፣ ሰው ሁለቱን ያምታታል፣ ባለሙያዋም የምትለይበት ነገር አልነበራትም። ቲሙ ባለ 12ቱን ወደ ኮለሙ አስገባ፣ ሌላውን ለማረም አልሞከረም፣ ጄሰኑ ውስጥ እንዳለ ተወው፣ ለየቅርንጫፉም ቁጥራቸው እንደገና የሚጠየቅ ደንበኞች ዝርዝር ተላከ። ዝርዝሩ አሁንም አላለቀም፣ ደንበኛው ለክፍያ ሲመጣ እየተጠየቀ ነው የሚሞላው።